ፍርግርጉን የሚጠርገው ሰው

የካቲት 9

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። መልሱን ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ደውዬ እንዳልገላገለው ስልኩን የከለከልሽኝ አንቺው ነሽ። «ስልክ ላይ ትጮሃለህ፣ ወረቀት ላይ ግን ሰው ትሆናለህ» ካልሽኝ ወዲህ ይኸው ሰው ለመሆን እየጣርኩ ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ከአባታችን በደረሰኝ መሬት ላይ አራት ቤት ልሠራ ነው። አዎ፣ ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ገብቷል። አይ፣ አልጸደቀም። የከለከለኝ መነጽሩ ፊቱን የሚያክል ባለሙያ ነው፤ ስሙ ስለማይያዝልኝ «መነጽር» ብዬዋለሁ። ስለ ብረቱ አልጠየቀኝም፣ ስለ መሠረቱም አልጠየቀኝም። ወሬው ሁሉ ዝናብ ነው። መሬቱ ባዶ ሳለ ይወጣ ከነበረው ውኃ፣ ቤቶቹ ከተሠሩ በኋላ አንዲት ጣሳ እንኳ በልጦ መውጣት የለበትም ይለኛል። የተረፈውን እዚያው ግቢዬ ውስጥ ይዤ ቀስ እያልኩ መልቀቅ አለብኝ። ዝናቡን እኔ አላወረድኩት ስለው «መመሪያው ነው» አለኝ። አንቺም በዚሁ ሥራ ያረጀሽ ሰው ነሽና ፕላኑን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እስኪ አንድ መላ በይኝ።

ቤቶቹን ሠርቼ ካስረከብኩ በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ልመጣ ነው። አንድ ድርጅት ለሥራ መሪነት ይፈልገኛል። ላጤ ሰው ነኝ፣ እዚህ የሚያስቀረኝ ሰው የለም።

ስለ እህታችን ስለ ሚጣ ጠይቀሽኛል። ደህና ናት። የስፌት መኪናዋ ከግንቡ ወዲያ ሲንጣጣ ይሰማኛል፤ ታማ ቢሆን ኖሮ አይሰማኝም ነበር።

ወንድምሽ


የካቲት 26

ወንድሜ፣

ጉልበቴ ደረጃ ከሌለ ደህና ነው። መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እንግዲህ አስበው።

ፕላንህን ከሥራ ሰዓት ውጭ አየሁልህ። ባልደረቦቼ «ወይዘሮ ይስተካከል» እንደሚሉኝ ታውቃለህና ሙገሳ አትጠብቅ። ጣሪያህ ያምራል። ምሰሶህ ዝሆን ይሸከማል። ውኃህን ማን እንደሚሸከመው ግን አላሰብክበትም። ዝናቡ የአንተ አይደለም፣ እሱስ ልክ ነህ። ጣሪያው ግን የአንተ ነው፣ ግቢው ላይ የምታነጥፈው ኮንክሪትም የአንተ ነው። ምድር ስትጠጣው የኖረችውን በአሸንዳ ሰብስበህ በአንድ አፍ ስታፈሰው ዝናብ መሆኑ ይቀርና ጎርፍ ይሆናል። ጎርፉ ደግሞ ባለቤት አለው።

ሦስተኛው ወረቀት ላይ በሰማያዊ የተሠመረች ትንሽ ቀስት አለች። የውኃው መውጫ ናት። ጫፏ ወዴት እንደሚያመለክት ልብ ብለሃል? ወደ ግንቡ ነው። ከግንቡ ሥር፣ መቼም ሙያህ ነው፣ የውኃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ትተሃል። ከቀዳዳው ወዲያ የማን ጓዳ እንዳለ እኔ ልነግርህ አይገባም።

ግንቡን ያቆምከው መሬቱን በተካፈልን ማግሥት፣ ሚጣ ገበያ በዋለችበት ቀን ነው። ስትመለስ ወገቧ ድረስ ደርሶ ጠበቃት። አንድ ቃል ነግረሃት ቢሆን ኖሮ አሸዋ ታቀብልህ ነበር። ይኸው አራት ክረምት ዓይንና ናጫ ሆናችኋል። ዛሬ ስለዚያ አልጽፍም።

መነጽር ያልከው ሰው ትክክል ነው። ግቢህ ውስጥ ውኃ ማቆያ ጉድጓድ ቆፍር።

እዚህ የሚያስቀረኝ ሰው የለም ብለሃል። አንብቤዋለሁ።

እህትህ


መጋቢት 17

ይድረስ ለእትዬ፣

ቆፍር ላልሽኝ፣ ቆፍሬያለሁ። አንድ ክንድ ሳልወርድ አለት ገጠመኝ። ቦታ ቀየርኩ፣ እዚያም አለት። መዶሻ የሚይዙት ሰዎች ተያይተው ሳቁ። የአባታችን የላይኛው መሬት ለካስ ስስ አፈር የለበሰ ድንጋይ ነው። መሬቱን ስንካፈል የመንገድ ዳሩን ያዝኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

መነጽር መጥቶ አየ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሱሪውን እንኳ አልሰበሰበም። ለስላሳ አፈር ያለው ከታች፣ ከሚጣ ቤት ኋላ፣ ምንም የማይበቅልበት ማዕዘን ላይ ብቻ ነው አለኝ። ውኃውን በቱቦ በቤቷ ጎን አሳልፌ እዚያ ባቆየው፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ መንደሩ ቦይ ቢወርድ መመሪያው ይፈቅዳል። ነገር ግን የጎረቤት መሬት ነውና ባለቤቷ ወድዳና ፈቅዳ በጽሑፍ መፈረም አለባት። ለእሷም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ጓዳዋ ይደርቃል።

ባለፈው ክረምት ውኃ ገብቶባት ነበር ወይ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። አላውቅም። አንድ ሁለት ጊዜ ጠዋት ላይ ምንጣፍ ግንቡ ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ።

እኔ ብሄድ በሩን አትከፍትልኝም። ብትከፍትልኝም ምን ብዬ እጀምራለሁ? አንቺን ትሰማሻለች፣ ደውይላት። ክረምቱ ሳይገባ ፈቃዱን ካላገኘሁ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው፣ ድርጅቱም ዓመት አይጠብቀኝም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11

ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ስለዘገየ ይቅርታህን። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም ቀደድኩት።

ሚጣን አነጋግሬያታለሁ። ምን አለች ከማለትህ በፊት እንዴት ናት ማለት ነበረብህ፣ እኔ ግን ልመልስልህ። ዓይኗ መርፌ ማስገባት እያስቸገራት ነው። ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ እያሰፋት ነውና ሥራ አላት። ብቻዋን ነው የምትበላው።

መሬቱን ትሰጥሃለች። ገና ነገሩን ሳልጨርስ እሺ አለችኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ እሺ የሚል ሰው ያስፈራኛል፤ በሥራዬ የተማርኩት ይህንን ነው። እውነትም ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው ግንቡ ውስጥ በር እንዲወጣ ነው። ጉድጓዱን የሚያየው ሰው ዞሮ በመንገድ ሳይሆን በዚያ ይግባ ብላለች። ሁለተኛው የጥገናው ውል ነው።

ስለዚህ ውል መነጽር ሳይነግርህ አይቀርም፣ አንተም ሳታዳምጥ አትቀርም። ጉድጓድ ተቆፍሮ አይተውም። አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ ይደረጋል፤ ቅጠልና ደለል ከደፈነው ውኃው ተመልሶ ቤት ይገባል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሄዶ ፍርግርጉን የሚጠርግ አንድ ሰው በስም ይመዘገባል። ስሙ ከመሬቱ ሰነድ ጋር ይቀመጣል። ውሉ ላይ የሚገባው የአንተ ስም ነው።

ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ፍርግርግ አይጠርግም። ይህን አስበህ መልስልኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 29

እትዬ፣

ወረቀት ላይ ሰው እሆናለሁ ብዬሽ ነበር። ዛሬ አልሆንኩም፣ ቻይው።

ከነሐሴ ጀምሮ ሥራ ላይ እገኛለሁ ብዬ ለድርጅቱ ቃል ሰጥቻለሁ። ይህን ታውቂያለሽ። በሩን አወጣለሁ፣ ችግር የለም፤ ግንቡ የኔ ሥራ ነው፣ መፍረሱም የኔ ሥራ ይሁን። ለጥገናው ግን አንድ የታወቀ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ከእሷ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖር፤ እሱን ላስመዝግብ። ወይም ቤቶቹን የሚጠብቀውን ዘበኛ። ይህን ሁሉ ሠራተኛ የማዝዝ ሰው በእሷ ግቢ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ቅጠል ስለቅም፣ እሷ በመስኮት ቆማ ልታየኝ ነው? ይህንን ያሰበችው ውኃ ፈርታ አይደለም። ልታዋርደኝ ነው። እኔ ሚጣን አላውቃትም? ልጅ ሳለን ከገፋኋት እስክትገፋኝ ድረስ አትተኛም ነበር።

መመሪያውን አላነበብኩትም፣ እንደማላነብም ታውቂያለሽ። አንብበሽ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ቁርጡን ንገሪኝ። መመሪያው እኔው ራሴ ልሁን ይላል ወይስ አይልም?

ወንድምሽ


ግንቦት 8

ወንድሜ፣

ይላል።

በዚህ መሥሪያ ቤት ስኖር ለባለሥልጣንም ለዘመድም መመሪያ አጣምሜ አላውቅም፤ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። ጓደኛህን አንድ ጊዜ ልከህብኝ አልቅሶ ነው የተመለሰው።

ፈቃድ ሳይወጣ መሠረት መቆፈር ጀምረሃል ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልሱ ያናድደኛል። የተቆፈረ ካለ ግን ቀዩ አፈር ተቆልሎ ክፍት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ዶፍ ያንን አፈር ወዴት እንደሚወስደው ቀስቷ ነግራሃለች። የተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ጓዳዋ ውስጥ ተቆልሏል።

እህትህ


ሰኔ 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ፈረምኩ።

አብራችሁ ነበራችሁ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ መነጽር ቢሮ ተገናኘን። ወንበሩ ሁለት ነበር፣ እኔ ቆምኩ። አንድ እስክሪብቶ ነበር፤ ከእጇ ወደ መነጽር፣ ከመነጽር ወደ እኔ መጣ። ቀና ብላ አላየችኝም። ፀጉሯ ሸብቷል። ለምን አልነገርሽኝም?

ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቱቦው ተቀብሯል፣ በሩ ወጥቷል። አፈሩን በሸራ ሸፍኛለሁ፣ ዙሪያውንም መነጽር ባለው መሠረት በጆንያ አጥሬዋለሁ። ለድርጅቱ ከክረምቱ በኋላ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ፣ ደስ አላላቸውም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ዛሬ ሰማዩ ከብዷል።

ወንድምሽ


ነሐሴ 2

ይድረስ ለእትዬ፣

ውኃው ጓዳዋ አልገባም። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ እሱን ስለሆነ መጀመሪያ መለስኩልሽ። ዘንድሮ የጣለው ዝናብ ከታችኛው መንደር የሁለት ቤት አጥር ወስዷል፤ የሚጣ ጓዳ ግን ጠብ አላለበትም።

በዘነበ ቁጥር እየሄድኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን በመስኮት አየችኝና መጋረጃውን ለቀቀችው። በሌላ ቀን ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ለእኔ እንዳይመስልሽ፣ ለራሷ ነው የያዘችው፤ ስሠራ ቆማ አየችና ገባች። እኔም አላየሁም ብዬ ቅጠሌን ስለቅም ቆየሁ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ከኋላዬ «እዚያ ጋ ቀርቶሃል» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ አስባ ያገኘችው ቃል ይህ ነው። «አየሁት» አልኳት። አላየሁትም ነበር። ለካ እኔም የተሻለ ቃል አልነበረኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ትናንት መነጽር ለቁጥጥር መጥቶ እጄን እስከ ክርኔ ጭቃ ውስጥ አገኘኝ። ለምን ሰው አልቀጠሩም አለኝ። መመሪያው ስለማይፈቅድ ነዋ አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። መመሪያው ማንም ይሁን ነው የሚለው፣ ከተማው ውስጥ ግማሹን ፍርግርግ የሚጠርገው ያ ቧንቧ ሠራተኛ ነው አለኝ። ከቦርሳው አውጥቶም አሳየኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መመሪያ አነበብኩ፣ ደስ ይበልሽ።

ወይዘሮ ይስተካከል ዋሸችኝ ብል የሚያምነኝ ሰው የለም። እኔ ራሴ ሌሊቱን ሳላምን አነጋሁ። አልተናደድኩም ብዬ እኔም አልዋሽሽም። ድርጅቱ ቁርጡን እንዳሳውቀው ሳምንት ብቻ ነው የሰጠኝ። ለምን እንዲህ አደረግሽ?

ወንድምሽ


ነሐሴ 10

ወንድሜ፣

እውነት ነው። መመሪያው «አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው» ነው የሚለው። ሰውየው አንተ ሁን የሚል የለበትም። እሱን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ ላይ ሚጣ ጋ ስደውል እኔም እንዳንተው አስቤ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ይመዝገብና ይለቅ አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ጠራኋት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ።

«እትዬ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ምን ያደርግልኛል? እሱ ይምጣልኝ። ለእኔ ብሎ አይመጣም። ለውኃው ብሎ ግን ይመጣል።»

ልታዋርደኝ ነው ብለህ ስትጽፍልኝ ይህንን ልነግርህ ብዕር አንስቼ ነበር። እንዳትነግሪው ብላኛለች። ዛሬ ቃሏን አፍርሻለሁ፤ እሷን የሚያስቀይም እኔ ልሁን። ሁለታችሁ በአንድ ግንብ ግራና ቀኝ ለየብቻ ስትበሉ ሳስብ እዚህ የበላሁት አይወርድልኝም። አባታችን ግንቡን ቢያይ ኖሮ በእጁ ያፈርሰው ነበር። እኔ እጄ አይደርስም፣ የደረሰኝ ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ስም መለወጫ ቅጽ ልኬልሃለሁ። የቧንቧ ሠራተኛውን ስም ጻፍበትና ለመነጽር ስጠው፣ በማግሥቱ ነፃ ነህ። ሚጣ መፈረም አያስፈልጋትም። ድርጅቱ ጋ ሂድ፣ ቤቴም ክፍት ነው፣ መኝታህን አዘጋጅቻለሁ። ብትመጣ ደስ ይለኛል። ብትመጣ አዝናለሁም። ሁለቱም እውነት ነው።

እህትህ


ኅዳር 21

ይድረስ ለእትዬ፣

እስካሁን ዝም በማለቴ በጣም ይቅርታ። ሦስት ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ነው የጠፋኝ።

ድርጅቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ጎበዝ ነው አሉ።

ቤቶቹ አልቀዋል። ሦስቱን አስረክቤያለሁ። አራተኛውን ለማን ሰጠኸው ብለሽኛል። ለማንም አልሰጠሁም። መብራቱ ትናንት ገባ፣ አልጋዬንም ዛሬ አስገባሁ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ከግንቡ በላይ ያሳያል።

ታናግርሃለች ወይ ላልሽው፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ክረምቱ ሙሉ የተነጋገርነው ስለ ቅጠልና ስለ ደለል ነው። ዝናቡ ጥቅምት ላይ ቆመ። ሲቆም እኔም የምሄድበት ምክንያት ቆመ። ለሦስት ሳምንት ጠብ አላለም፣ በሩም ተዘግቶ ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ሰማዩን ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዝናብ ናፈቀኝ ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

ማክሰኞ ዕለት የግንቡ በር ተንኳኳ። ከፈትኩት። ሚጣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

«ፍርግርጉ ተደፍኗል» አለችኝ።

ምድሩ አቧራ ነው፣ ሰማዩም አንድ ደመና የለበትም። በምን ተደፈነ አልኳት። እኔ ምን አውቄ፣ የተፈራረምከው አንተ፣ አለችና መንገድ ለቀቀችልኝ።

ሄጄ አየሁት። እውነትም ተደፍኗል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ነጭ የሸሚዝ፣ ሰማያዊ የቀሚስ፣ የካኪ ሱሪ፤ ከብረቱ መሀል መሀል በጣት ተጠቅጥቆ፣ ጥብቅ ተደርጎ። ውኃ እንዲህ አያደርግም። ተንበረከክሁና አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። እሷ ከኋላዬ ቆማለች። ማን እንደከተተው አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ። ዓይኔ ስላስቸገረኝ ሳልቸኩል ነው የሠራሁት፤ አቧራው ነው ብዬሽ ልለፈው።

ስጨርስ ይህ ነገር በየጊዜው መታየት አለበት፣ ዝናብ መጠበቅ የለበትም አልኳት። ራሷን በመስማማት ነቀነቀች። ወደ በሩ ስራመድ ጠራችኝ፣ በስሜ።

«ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

በልቼ ነበር። አልበላሁም አልኳት።

ወንድምሽ